ለሠርግ ያከምኩት በሬ

«ሥጋውን አንድ ወር አትብሉ፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ አልወጣም።»

ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት አላውቅም። በረት ውስጥ ቆሜ፣ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ሞተር ብስክሌቴን እያስነሳሁ ተናግሬያታለሁ። ላም ከሆነች ደግሞ «ወተቷንም እንዳትጠጡ» እላለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እሺ» ይሉኛል። ሀብሩ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት እንደዚህች «እሺ» ያቃጠለኝ ነገር የለም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር። የሚከራከር ሰው ቢያንስ ሰምቷል። «እሺ» ማለት ግን አንቺ ሥራሽ ነውና ተናገሪ፣ እኛም የምናውቀውን እናደርጋለን ማለት ነው።

መርሳ ላይ ጠዋት ጠዋት የምገባባት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጓሮዋ ውስጥ አንዲት ላም አላት፤ ጡቷ አብጦ እኔው ነኝ መርፌ የወጋሁላት። በማግስቱ ስገባ ገና ሳላዝዝ አረፋው የሞላ ማኪያቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ያቺው ያከምሻት ላም ወተት ነው፤ ለሌላ ሰው ሳልሰጥ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት» አለችኝ፤ ፊቷ በደስታ በርቶ።

«ትናንት ምን ብዬሽ ነበር?» አልኳት።

«አትጠጪ ብለሽኛል። እኔ መች ጠጣሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መርሳም ሆነ ወልድያ የምጠጣው ጥቁር ሻይ ነው። እናቴ ቤት ስሄድም ያው ነው፤ እናቴ ወተት ጠላሽ እንዴ እያለች ትጨነቃለች።

ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው እያልኩ ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ። የምሠራበት ክሊኒክ ከመርሳ ወደ ዳገቱ አርባ ደቂቃ በሞተር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ አርባ ደቂቃው ሞተሩ ነዳጅ ሲኖረው ነው። ነዳጅ ሲጠፋ፣ የሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከሚገኝበት ይበልጣል፣ በእግር ነው። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ሆኖ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሳጥን አለው፤ በጣም ብዙ ደግሞ ፎርም አለው። ለእያንዳንዱ ለታከመ ከብት አንድ ፎርም ይሞላል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ከጎኗ «ሥጋና ወተት የማይበላበት ጊዜ ለባለቤቱ ተነግሯል» ይላል። እዚያች ሳጥን ውስጥ የራይት ምልክት አደርጋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲቷንም ባዶ አስቀርቼ አላውቅም። ነግሬያለሁ፤ እሺ ተብያለሁ፤ ምልክት አድርጌያለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ እህል ተሰብስቦ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ክሊኒኩ ድረስ በእግራቸው መጡ። በአካባቢው ቃላቸው የሚከበር፣ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ የሚጠሩ ሰው ናቸው። በሬያቸው ሳር አልቀምስ ብሎ ያስለዋል። አብሬያቸው ወጣሁና አየሁት፤ ትልቅ፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ቀይ በሬ ነው፤ ትኩሳቱ የሚያቃጥል፣ ሳንባውን የያዘው ነው። ፔኒሲሊን ያለበትን መርፌ ወጋሁት። መድኃኒቱ ሦስት ቀን ተከታትሎ የሚሰጥ ነው። ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ ሌላ መድኃኒትም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበረኝ። ግን ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ይኸኛው ነበርና እሱን ሰጠሁት። በሬው ለምን እንደሚፈለግ አልጠየቅሁም። በሬ ለእርሻ ነው ብዬ ነው፤ ስምንት ዓመት ገበሬ መሃል ኖሬ።

በሁለተኛው ቀንም ሄጄ ወጋሁት። ለሦስተኛው ቀን መመለሻ ሞተሬ ነዳጅ ስለማይበቃት ሽማግሌው «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ መውጋት አውቃለሁ፤ ትተሽልኝ ሂጂ» አሉኝ። ጠርሙሱን ከነካርቶኑ፣ ሲሪንጁንም ትቼላቸው ወረድኩ። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን። ሲሪንቃ ለሥልጠና በተሰበሰብን ቁጥር እንዳናደርገው ይነገረናል፤ እኛም እሺ ብለን እንመለሳለን።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ምልክቷንም አደረግሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው ነጭ ኩፍያቸውን አጥልቀው ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ። በሬው እንዴት ሆነ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ፈርጥሟል። አላህ ይስጥሽ። እሑድ የልጄ ሠርግ ነው፤ እንድትመጪ ልነግርሽ ነው የመጣሁት። የሚታረደው ያዳንሽው በሬ ነው። ሻኛው ያንቺ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «አባባ፣ አንድ ወር አይብሉት ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያስ?»

«በሽታው እንዳይመለስበት ጠብቁት ያልሽን መስሎኝ ነው። ይኸው አልተመለሰም።» ከዚያ ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ድኗል ወይስ አልዳነም?»

«ድኗል።»

«የዳነ በሬ ምን ይወጣለታል? የማይበላው እኮ የታመመው ነው።»

ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ እንደሚቆይ፣ በተለይ የተወጋበት አንገቱ ላይ እንደሚበዛ፣ ሰው ሳያውቀው እንደሚበላው፣ እንዲህ ያለ ሥጋ የለመደ ሰው ኋላ ሲታመም መድኃኒቱ አልሠራ ሊለው እንደሚችል፣ መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ደግሞ ሊጎዳ እንደሚችል ነገርኳቸው። ሽማግሌው አንዴም ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝ። ስጨርስ ላቤ ወርዷል። ተነሡና «እሺ» አሉኝ።

ሐቀኛ ሰው ናቸውና ነገሩን አልደበቁም። በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊድ ደጅ ላይ ለተሰበሰበው ሰው በሙሉ ተናገሩ፤ የሠርጉ በሬ ሥጋው ውስጥ መድኃኒት አለበት፣ ይበልጡን አንገቱ ላይ ነው ትላለች ሐኪሟ አሉ። እኔ ይህን የሰማሁት እንዴት መሰላችሁ? ከሰዓት በኋላ አንድ ወገባቸውን የታመሙ ሰው ክሊኒኩ ድረስ መጥተው፣ «ከአንገቱ እንዲደርሰኝ አንቺ ብትነግሪልኝ፤ እሳቸው ላንቺ እምቢ አይሉም» ብለው ለመኑኝ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሳል የያዛቸው አንዲት እናት መጡ። ሦስተኛው ለራሱ አይደለም፣ ለአማቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ ብዬ ለካ ሥጋውን አሻሽጬዋለሁ። ሳቅም ንዴትም ባንዴ መጣብኝ። ሥጋ መድኃኒት አይሆንም፣ መጠን አለው፣ ይጎዳል ብዬ ጮህኩ። ሳል የያዛቸው እናት እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ «ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ይሉናል። አንቺ በሬ ውስጥ አኑረሽልን ትቆጪናለሽ?» አሉኝ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ የሽማግሌው ባለቤት ብቻቸውን መጡ። ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ እናት ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነገር አጠገብ ላጠገብ አስቀመጡ። አንዱ የተውኩት መድኃኒት ካርቶን ነው። ሌላው በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት ነው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጣታቸውን መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ይኸ ከዚኸ ጋር አንድ ነው ወይ?»

ወረቀቱ ከዓመታት በፊት ጤና ጣቢያ የጻፈላቸው ነው። ያን ጊዜ መርፌ ሲወጉ ጉሮሯቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ወድቀው ነበር። ፔኒሲሊን ለእኚህ ሴት እንዳይሰጥ ይላል፤ ከሥሩም በቀይ ተሰምሮበታል።

«አንድ ነው» አልኩ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እውነቱን ለመናገር ንዴቴ የሙያ ንዴት ነበር። መመሪያዬ ተጣሰ፣ ቃሌ ተናቀ ብዬ ነው። ሥጋ ውስጥ ያለ ትንሽ መድኃኒት ብዙውን ሰው በዕለቱ ምንም አያደርገውም፤ ጉዳቱ ርቆ የሚመጣና የማይታይ ነው። አሁን ግን ጉዳቱ ሻሽ አስሮ ፊቴ ተቀምጧል። ሴትዮዋ የሙሽራው እናት ናቸው። ወጡን የሚያሠሩት፣ የሚቀምሱትም እሳቸው ናቸው።

«ለባለቤትዎ ልንገራቸው» አልኳቸው።

«እንዳትነግሪው። አፈር ስሆን።» ወረቀታቸውን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። «በጸጥታው ምክንያት ይኸ ሠርግ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ልጅቱ ሁለት ዓመት ጠበቀችን። የኔ ጉሮሮ ሦስተኛ ምክንያት አይሁን። እሱ ካወቀ ያስቀረዋል፤ አውቀዋለሁ።»

ያከምኩት በሬ ነው፣ ምሥጢሩ ግን የሰው ሆነ። የሰው ሐኪም ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ለኛ ይህን ያስተማረን የለም። ወረዳ ያለው አስተባባሪያችን ጋ ደወልኩ። የሴትዮዋን ነገር ሳላነሳ፣ መድኃኒቱ ያልወጣለት በሬ እሑድ ሊታረድ ነው፣ የምንከለክልበት መንገድ አለ ወይ አልኩት።

«ለባለቤቱ ነግረሽዋል?»

«ነግሬያለሁ።»

«ፎርሙ ላይ ምልክት አድርገሻል?»

«አድርጌያለሁ።»

«በቃ፣ አንቺ ምን አለብሽ? ተጠያቂ አይደለሽም።»

ተጠያቂ ነኝ ወይ ብዬ አይደለም የደወልኩት ልለው ፈልጌ ነበር። መስመሩ ተቆረጠ፤ መልሼም አልደወልኩም።

ሐሙስ ጠዋት በእግሬ ወጥቼ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ነገሩን ከሌላ ወገን ጀመርኩት። «አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በሬው ለሠርግ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ብጠይቅዎ ኖሮ ቶሎ የሚወጣ ሌላ መድኃኒት እሰጠው ነበር። አሁን አንድ እንግዳዎ ቢታመም አማናው በኔ ነው።» ይህን እያልኩ ሳላስበው ዕንባዬ መጣ። የሙሽራው እናት ወረቀት ነው በዓይኔ ላይ የሄደው። እሳቸው ደግሞ በሩ ላይ ቆመው፣ የሚፈተገውን ገብስ እንደያዙ ያዩኛል።

ሽማግሌው ጎረቤታቸውን አስጠሩ። ጎረቤትየው በቁመትም በሥጋም የማያንስ በሬ አለው። «በሬህን ለሠርጉ ስጠኝ፣ የኔን ውሰድና እረስበት፤ አንድ ወር ግን እንዳታርደው» አሉት። እሱም እሳቸውን ስለሚያከብር ተስማማ፤ ተለዋወጡ። እኔ የተናገርኩትን ስለ መድኃኒቱ አንዱንም እንዳላመኑበት ፊታቸው ላይ ይታያል። እኔ እንዳላለቅስ ብለው ነው። የተማርኩትን ስምንት ዓመት ስናገር ማንም አልሰማኝም፤ ሳለቅስ በአንድ ጠዋት ተሳካልኝ። ይህም ያናድዳል፤ ግን ተሳክቶልኝ ነበርና ንዴቴን ዋጥኩት።

ስወጣ እናትዬዋን አጥሩ ጥግ አገኘኋቸው። «በሬው ተለውጧል፤ ይኸኛው ንጹሕ ነው። ያለ ሐሳብ ይብሉ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ።

ጠርሙሱ የት እንዳለ ግን አልጠየቅሁም።

እሑድ ዕለት ጥሩ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ዳሱ ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ዱዓ እያደረጉ ነው፤ ከሐራ የመጡት የሙሽሪት ዘመዶች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። ወደ ዳሱ ስገባ የበሬው ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። አንድ ሰው ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽራ ያያል፤ እኔ ቆዳ አየሁ። አንገቱ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ትልቅ ጠቆር ያለ የረጋ ደም አለ። መርፌ ጥሩ አድርጎ የማያውቅ እጅ ሲወጋ እንዲህ ያደርጋል።

ጎረቤትየውን ፈልጌ አገኘሁት፤ እንጀራ ያለበት መሶብ ተሸክሞ ሲሮጥ ነው።

«በሬህን መርፌ ወግተኸው ነበር?»

«አዎ፣ ዓርብ» አለኝ፤ ምንም ሳይደብቅ።

«ታሞ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነበር። ሰዉ እኮ መድኃኒት ያለበት ሥጋ ቀረብን ብሎ አኮረፈ። ያ ወገቡን የታመመው ደግሞ በኔ በሬ ምክንያት ነው የቀረው ብሎ ሰላምታ ነሳኝ። ያስቀመጥሽው ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ ነበር፤ ሽማግሌውን ጠይቄ ወሰድኩና አንገቱ ላይ ወጋሁት። ማንም ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።» ከዚያም በኩራት ጨመረበት፤ «ሙሉውን ነው የሰጠሁት፤ አልቆጠብኩም።»

ምን ልበለው? የጠርሙሱ ባለቤት እኔ ነኝ። ከልቡ ደግሞ ለሰው ደስታ ያደረገው ነው። ባንድ እግሬ ወደ ማድ ቤቱ ሮጥኩ፤ በመንገዴ ላይ ሦስት ሰው «ዶክተር፣ ብዪ እንጂ» እያለ ያዘኝ።

ትልልቆቹ ድስቶች ከምድጃው ወርደዋል። ወጡን የሚቀምሱትና የሚያወጡት የእናትዬዋ እኅት ናቸው። እናትዬዋ ከግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ሳህን አለ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «እማማ፣ እንዳይቀምሱት፤ ይኸኛውም መድኃኒቱ አለበት» አልኳቸው፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አልቀመስኩም» አሉኝ። ሳህኑ ላይ ያለው ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ባቄላ።

«ግን ንጹሕ ነው ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል» አሉ። «እኔም እሺ ብያለሁ።»

ዕድሜ ልኬን ያቃጠለችኝ «እሺ» እናትዬዋን አዳነቻቸው። ቃሌን ቢያምኑ ኖሮ ዛሬ ሠርጉ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እዚያው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። «ኧረ የልጅሽ ሠርግ ነው፣ አንድ ጉርሻ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ለሁሉም ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ጥርሴን አሞኝ ነው» ይላሉ። ይህን ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ሁለት ዓመት ሠርጉን ጠብቀው፣ ከራሳቸው ድግስ የደረሳቸው ንፍሮ ነው።

በዳሱ በኩል ሰዉ ይበላል። ወገባቸውን የታመሙት ሰው የአንገቱ ሥጋ ደርሷቸዋል፤ ሲስቁ ይሰማኛል። ልጆች አጥንት ይግጣሉ። ይህ ሁለተኛው በሬ በየትኛውም ፎርም ላይ የለም፤ ምልክት የማደርግበት ሳጥን እንኳ የለውም። ተነሥቼ ልናገር ብዬ አሰብኩ። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እንደ እናትዬዋ ያለ፣ ወረቀቱን ግን ያልያዘ ሰው ቢኖርስ? ተነሣሁ እንኳ። ሽማግሌው ከዳሱ አዩኝና ለተሰበሰበው ሰው በሙሉ፣ «ሐኪማችን ይችውና» አሉ፤ ሰዉም ወደኔ ዞረ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ሻኛው በትልቅ ሳህን ተደርጎ መጣልኝ፤ ሽማግሌው ቃላቸውን አላጠፉም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ጉንጬን ያዝኩ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኩ።

እናትዬዋ ሳህናቸውን በሁለታችን መካከል አስቀመጡት፤ ንፍሮውን አብረን በላን።